«በርንአውት» የማን ድካም ነው?

«በርንአውት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተረጎም አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በአዲስ አበባ ቢሮዎች፣ በሆስፒታል ኮሪደሮች፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ በሚሠሩ ሐበሻ ነርሶች ጨዋታ ላይ ይሰማል። «በርንአውት ሆኛለሁ» የሚሉት ሁሉ ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም የሚያወሩት። አንዱ ሳምንቱን ሙሉ ሲሮጥ ከርሞ እንቅልፍ አምሮታል፤ እሑድ ጠግቦ ቢተኛ ሰኞ ደህና ነው። ሌላዋ በፍቅር ዓመታት ያገለገለችበትን መሥሪያ ቤት ዛሬ በሩን ስታየው ሆዷ ይረበሻል። ሦስተኛው ቢመረመር የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ድባቴ ሊገኝበት የሚችል ሰው ነው። ለሦስቱም የሚበጃቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ቃል ሲጠሩ ማናቸውም በቅጡ አይታዩም።

ይህ ዳሰሳ ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ አጥኚዎቹ ምን ሊገልጹበት እንደፈለጉ፣ የት ላይ እንዳልተስማሙና ለእኛ ምን ሊጠቅመን እንደሚችል ይመለከታል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ቃሉ ለጥናት ሲበቃ የሚያመለክተው ወደ ሥራው ነበር፤ እያደር ወደ ሠራተኛው ዞረ። ጥቅሙ ያለው በመጀመሪያው አቅጣጫው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃሉን ወደ ጥናት ዓለም ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ1926 ፍራንክፈርት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከናዚዎች አምልጦ ኒውዮርክ የገባ ሰው ነበር። ቀን በራሱ ክሊኒክ ባለገንዘብ ታካሚዎችን ሲያይ ውሎ፣ ማታ ማንሃተን ኢስት ቪሌጅ ወዳለው ነጻ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያ የሚመጡት ቤት የሌላቸውና በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ወጣቶች ናቸው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ሌሊቱ እስኪጋመስ ይሠራል፤ ሲዘጋ ደግሞ ስብሰባ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባልደረቦቹ ላይ አንድ ነገር ማየት ጀመረ፤ በራሱም ላይ አየው። በ1974 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ የዚህ ምልከታ ውጤት ነው።

ያን ጽሑፍ ዛሬ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው ምልክቶቹ ምን ያህል ሥጋዊ እንደሆኑ ነው፤ የማይለቅ ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መታወክ፣ እንቅልፍ ማጣት። ከዚያ ቶሎ መቆጣት ይመጣል፤ ሁሉን መጠርጠርና ማጣጣል ይከተላል። ሰውየው ከበፊቱ ይልቅ ረዘም ያለ ሰዓት እየሠራ የሚያከናውነው ግን ያንሳል። ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡት ሰነፎቹ እንዳልሆኑ ፍሮይደንበርገር አበክሮ ጽፏል፤ ለዓላማው ራሳቸውን የሰጡት፣ እምቢ ማለት የማይችሉት ናቸው። ሁለተኛው ነገር ለኔ የበለጠ ይገርመኛል። መፍትሔ ብሎ ከዘረዘራቸው አብዛኞቹ ክሊኒኩ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ናቸው፦ አንዱን ሰው በአንድ ከባድ ሥራ ላይ ደጋግሞ አለመመደብ፣ የሥራ ሰዓቱን መገደብ፣ ተራ በተራ ዕረፍት ማስወጣት፣ ተጨማሪ ሰው ማምጣት። ስፖርትንም ይጠቅሳል፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ አድርጎ።

ቃሉን እሱ አልፈጠረውም። ዕፅ ለረጅም ጊዜ የወሰዱና አቅላቸውን የጨረሱ ሰዎች በዚያ ሰፈር ቋንቋ በዚህ ቃል ይጠሩ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ግርሃም ግሪን ኮንጎ ውስጥ ባለ የሥጋ ደዌ መንደር ላይ ለመሠረተው ልብ ወለድ ርእሱን የወሰደው ከሐኪሞቹ አነጋገር ነው፤ በሽታው ጣቱንና እግሩን በልቶ ሲያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ የማይጎዳውና ወደ ሌላም የማይተላለፈው ሕመምተኛ «ነዶ ያለቀ» ይባል ነበር። በ1969 ደግሞ ሃሮልድ ብራድሌይ የተባለ ጸሐፊ ወጣት ጥፋተኞችን ስለሚከታተሉ ሠራተኞች ሲጽፍ ተጠቅሞበታል። ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ ቃሉ ወደ ጥናት መዝገብ ከመግባቱ በፊት ሰዎች በዙሪያቸው ያዩትን ለመግለጽ የሚጠቀሙበት ቃል ነበር።

ጉዳዩን ወደ ሰፊ ጥናት ያሻገረችው ክርስቲና ማስላክ ናት፤ በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ። ስሟ ከዚያ በፊት በሌላ ታሪክ ይነሣል። በ1971 ስታንፎርድ ውስጥ ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው የተሳተፉበት ጥናት ሁለት ሳምንት እንዲቆይ ታቅዶ በስድስተኛው ቀን ሲቋረጥ፣ «ይህ ልክ አይደለም» ብላ የጥናቱን መሪ ፊሊፕ ዚምባርዶን የተጋፈጠችው እሷ ነበረች። ደህና የነበሩ ወጣቶች በተሰጣቸው ቦታ ምክንያት በቀናት ውስጥ ሲለወጡ ያየ ሰው፣ የሠራተኛን መለወጥ በጠባዩ ብቻ ለማስረዳት አይቸኩልም።

ማስላክ ከነርሶች፣ ከሐኪሞች፣ ከማኅበራዊ ሠራተኞችና ለድኾች ከሚሟገቱ ጠበቆች ጋር ባደረገችው ቃለ መጠይቅ ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግማ ሰማች። በ1981 ከሱዛን ጃክሰን ጋር 22 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አሳተመች፤ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ይኸው መለኪያ ነው። የሚለካቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ቃሉን በትክክል ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በላይ ሊይዘው የሚገባውም ይህን ነው።

የመጀመሪያው መሟጠጥ ነው። የሚሰጠው አልቆ፣ በዕረፍት የማይሞላ ባዶነት። ሁለተኛው ከሰው መራቅ ነው። የአልጋ ቁጥር 12 ታማሚ ስም፣ ልጆችና ፍርሃት ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ «አሥራ ሁለት ቁጥሩ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ተማሪዎቹን በጅምላ «እነዚህ አይገባቸውም» ይላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሰው የቀረችውን ጥቂት አቅም ለማዳን የሚያደርገው ማፈግፈግ ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው፣ ተማሪው ነው። ሦስተኛው የሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ስሜት ነው፤ «ብሠራም ባልሠራም ያው ነው» ማለት። እንግዲህ ድካም ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። በጣም የደከመው ግን ሥራውን የሚወድ፣ ለታካሚው የሚራራ፣ ውጤቱም የሚታየው ሐኪም ዕረፍት ያስፈልገዋል እንጂ በርንአውት አይደለም። በአንጻሩ ጠግቦ የሚተኛ፣ ሰዓቱ ያልበዛበት፣ ነገር ግን ሰው ፊት መቆም ያስጠላውና የሚሠራው ሁሉ ትርጉም ያጣበት ሠራተኛ ወደዚያው እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ማስላክ ከማይክል ላይተር ጋር በኋላ በጻፈቻቸው ሥራዎች ምንጮቹን ስድስት ቦታ ትፈልጋቸዋለች። የሥራ ብዛት አንዱ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። በራስ ሥራ ላይ መወሰን አለመቻል አለ። ለድካም የሚመጥን ምስጋናና ክፍያ ማጣት አለ። ባልደረባ ከባልደረባ መሻከሩ፣ አድልዎው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ከሚያምንበት ነገር ጋር የሚጋጭ ሥራ እንዲሠራ መገደዱ አለ። አድልዎን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ማየቴ በግሌ ብዙ አስረድቶኛል። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሰበረው በሥራው ክብደት አይደለም፤ ዕድገቱ በዝምድና ወይም በወገን ሲሰጥ እያየ መሥራቱ ነው የሚያደቅቀው።

መለኪያው በተስፋፋ ቁጥር ግን ችግር መጣ። በ2018 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ በ45 አገሮች በሐኪሞች ላይ የተሠሩ 182 ጥናቶችን፣ ከ109,000 በላይ ሐኪሞችን የሚመለከቱ፣ አንድ ላይ አስቀምጦ መረመረ። በርንአውት የያዛቸው ሐኪሞች ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የተገኘው መልስ ከ0 እስከ 80.5 በመቶ የሚዘልቅ ሆነ። ከንዑስ ክፍሎቹ ጋር ቢያንስ 142 ዓይነት ልዩ ልዩ ብያኔ በሥራ ላይ ውሏል። አንዱ ተመራማሪ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከፍ ሲል «ያዘው» ይላል፤ ሌላው ሦስቱንም ይፈልጋል፤ የመቁረጫ ነጥቡም ይለያያል። ማስላክ ራሷ መለኪያው የተዘጋጀው ለጥናት እንጂ አንድን ሰው «አለበት» ወይም «የለበትም» ለማለት እንዳልሆነ ደጋግማ ተናግራለች። ስለዚህ «ከሠራተኞቻችን ይህን ያህል መቶኛ በርንአውት አለባቸው» የሚል ሪፖርት ስናይ ማንም ይጻፈው ማን፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ላይ የሚወጡትንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ብያኔ?» የሚለው ነው።

ዴንማርካዊው ታጌ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2005 ከሥሩ ተቹት። በርንአውት ምንድን ነው ሲባል መለኪያው የሚለካው ነው፤ መለኪያው ምን ይለካል ሲባል በርንአውትን ነው፤ ይህ አዙሪት ነው አሉ። በምትኩ ያዘጋጁት 19 ጥያቄዎች ያሉት የኮፐንሃገን መለኪያ በነጻ የሚገኝ ሲሆን መሟጠጥን ብቻ ይዞ ምንጩን ይለያል፤ ከሕይወት በአጠቃላይ ነው፣ ከሥራው ነው፣ ወይስ ከሚያገለግሏቸው ሰዎች? ገንዘብ ለሌለው የጥናት ክፍል ነጻ መሆኑ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከሰው መራቅን ከብያኔው በማውጣቱ የጉዳዩን ልብ የተወ ይመስለኛል።

ቃሉ የቅርብ ጊዜ ቢሆንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ በመነኩሴው ላይ እኩለ ቀን ላይ ስለሚመጣ መታከት ጽፏል፤ ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፣ በዓቱ ያስጠላዋል፣ ወንድሞቹ ፍቅር ያጡ ይመስሉታል፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ይሻለው ነበር። በመዝሙረ ዳዊት «ጋኔነ ቀትር» የምንለውን ስም ለዚሁ ሰጥቶታል። በ1869 አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ቢርድ «ኒውራስቴኒያ» ያለውን የነርቭ መድከም አስተዋወቀ፤ ምክንያቱ የእንፋሎት ኃይል፣ ቴሌግራፍ፣ ጋዜጣና የዘመኑ ሩጫ ነው አለ። ስያሜው ለሀብታሞች ያደላ ነበር፤ አእምሮውን የሚሠራበት ሰው ያገኘዋል እንጂ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው አያገኘውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህን አድልዎ እንያዘው፤ እስከ ዛሬ አልተላቀቀንም።

በግንቦት 2019 የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛውን የበሽታዎች ዝርዝሩን ሲያጸድቅ ብዙ ጋዜጦች «በርንአውት በሽታ ነው ተባለ» ብለው ጻፉ። ድርጅቱ ወዲያው አረመ፤ በዝርዝሩ የገባው በሽታ ሆኖ አይደለም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ሆኖ ነው። ብያኔው በሥራ ቦታ ከሚደርስና በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ ጫና የሚመጣ መሆኑን ይገልጻል፤ የማስላክን ሦስት ገጽታዎች ይወስዳል፤ ከሥራ ውጭ ላለ የሕይወት ክፍል መዋል እንደሌለበትም ያስጠነቅቃል። ሥራውን ማዕከል ማድረጉ መልካም ነው። ግን ጫናውን «በአግባቡ ያልያዘው» ማን እንደሆነ አይናገርም። ሠራተኛው ነው ወይስ አሠሪው? የኋላው ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ነው።

አገሮችም በየፊናቸው መለሱ። ስዊድን ከ2005 ጀምሮ «የመሟጠጥ ሕመም» ብላ በራሷ የሕክምና ዝርዝር አስገባችው፤ ሰው በዚህ ምክንያት የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የጃፓን ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። እዚያ የተለመደው ቃል «ካሮሺ» ነው፤ በሥራ ብዛት መሞት። የመጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1969 በጋዜጣ ድርጅት የጭነት ክፍል ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት ሰው በስትሮክ መሞቱ ነው። የሟች ሚስቶችና ወላጆች ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገቱ፤ በ2014 በሥራ ብዛት መሞትን ለመከላከል የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ ከ2019 ጀምሮም የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በሕግ ተቀመጠ፤ በሥራ በተጣበበ ወር እንኳ ከ100 ሰዓት በታች፣ በዓመት እስከ 720። ጣሪያው አሁንም ከፍተኛ ነው። ቢሆንም ጃፓኖች የቆጠሩት ስሜትን ሳይሆን ሰዓትን በመሆኑ አሠሪው «አንተ ደካማ ስለሆንክ ነው» ብሎ ማምለጫ አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ያወጡት ግምትም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል፤ በ2016 ብቻ ወደ 745,000 ሰዎች ከዚህ ጋር በተያያዘ ሞተዋል።

ከባዱ ክርክር ከድባቴ ጋር ያለው ነው። ሬንዞ ቢያንኪ፣ ኧርቪን ሾንፌልድና ኤሪክ ሎረን ለዓመታት ሲሟገቱ የቆዩት በርንአውት ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፣ ከሥራ የመጣ ድባቴ ነው ብለው ነው። ማስረጃቸው ቀላል የሚባል አይደለም፤ የሁለቱ ምልክቶች እጅግ ይደራረባሉ። ማስላክና ሌሎች ደግሞ ድባቴ የሕይወትን ሁሉ ቀለም ሲያጠፋ በርንአውት መነሻው የሥራው ደጃፍ ነው ይላሉ። እኔ ዳኝነቱን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ ለተራው ሰው ግን አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣዋል። ከሥራ ከተለዩ በኋላም የማይነሣ ጨለማ፣ ከልጅ ጋር መጫወት እንኳ ትርጉም ማጣቱ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ፣ እነዚህ ሐኪም የሚፈልጉ ናቸው። «በርንአውት ነው፣ ያልፋል» ብሎ መሸፈን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ድባቴ መባልን ነውር በሚቆጥር ማኅበረሰብ ውስጥ በርንአውት የክብር መሸፈኛ ሆኖ ማገልገሉ ይገባኛል፤ ታታሪነትን ያስመስላልና። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

መፍትሔውስ? በ2016 ላንሴት ላይ የወጣ ግምገማ በሐኪሞች ላይ የተሞከሩ ዘዴዎችን ሰብስቦ አጠቃላይ በርንአውት ከ54 ወደ 44 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል፤ ስለዚህ የሚቻል ነገር አለ። በቀጣዩ ዓመት ማሪያ ፓናጂዮቲና ባልደረቦቿ ባወጡት ሥራ ግን ሥራውን የሚለውጡ እርምጃዎች፣ ማለትም የፈረቃ ድልድልን፣ የሥራ ብዛትንና የሠራተኛን ድምፅ የሚነኩት፣ ግለሰቡ ላይ ብቻ ካተኮሩት የበለጠ ውጤት አሳይተዋል። የአተነፋፈስ ሥልጠና ክፉ ነው አልልም። ግን ሦስት ሰው የሚሠራውን ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ ያ ሰው ሲወድቅ «ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና» መጥራት በደል ነው።

ይህን በደል የተመለከቱ ሁለት ሐኪሞች፣ ሳይመን ታልቦትና ዌንዲ ዲን፣ በ2018 ቃሉን ራሱን ተቃወሙ። በርንአውት ሲባል የነደደው ሐኪሙ ይመስላል፤ የደረሰብን ግን የኅሊና ቁስል ነው አሉ፤ ለታካሚው የሚበጀውን እያወቅን፣ ኢንሹራንሱና አስተዳደሩ እንዳናደርገው ሲከለክሉን የሚደርስ ቁስል። ሐሳቡን የወሰዱት ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ካከመው ከጆናታን ሼይ ሥራ ነው። ይህ ለእኛ ሐኪሞች ሩቅ ነገር አይደለም። ምን መድኃኒት እንደሚያድን እያወቀ፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ፣ ቤተሰቡ ከውጭ መግዣ አጥቶ፣ የሕፃኑን እጅ ይዞ ያደረ ኢንተርን «ደክሞኛል» ቢል ድካሙ የእንቅልፍ ብቻ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የሕክምና ባለሙያዎች በየከተማው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ያነሡት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ነበር። የማስላክን ዝርዝር አስቀምጦ ጥያቄዎቻቸውን ያነበበ ሰው ከረድፎቹ ብዙዎቹን ያገኛል፤ ማለቂያ የሌለው ዱቲ፣ ኑሮን የማይሸፍን ክፍያ፣ ውሳኔ ላይ ድምፅ ማጣት። ብዙ ሰው በርንአውት ብሎ አልጠራውም፤ የፖለቲካ ጉዳይ አድርገው ያዩትም ነበሩ። ሕመሙ ግን አንድ ነው።

ለዚህ ይሆናል አማርኛ የሚሰጠንን ማየት የሚገባው። «ደከመኝ»፣ «ታከተኝ»፣ «ሰለቸኝ»፣ «መረረኝ» ስንል ባለቤቱ እኛ አይደለንም፤ አንድ ነገር በእኛ ላይ ደርሷል፣ እኛ ተቀባዮች ነን። «ሥራው መረረኝ» ያለ ሰው ሥራውን በስሙ ጠርቶታል። «ዛልኩ» ወይም «ተሟጠጥኩ» የመጀመሪያውን ገጽታ ይይዛል፤ «ታከተኝ» ወደ ሁለተኛው ይጠጋል፤ «ከንቱ ልፋት» ሦስተኛውን ይነግረናል። «በርንአውት ሆንኩ» ግን ሆንኩ ባይ አለው፤ ሥራው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ቃሉን አንጠቀም አልልም፤ ዓለም አቀፍ ጥናት የሚነበበው በዚህ ቃል ነው፤ ውጭ ያለ ወገን ለአለቃው የሚያስረዳውም በእሱ ነው። ስንጠቀምበት ግን አጠገቡ «ከምን የተነሣ?» የሚለውን እንጨምርበት፤ «በሳምንት ሦስት የሌሊት ፈረቃ ስለምገባ»፣ «ለ60 ተማሪ ብቻዬን ስለሆንኩ»። ምክንያቱ ሲነገር ነው አለቃው የሚለውጠው ነገር የሚኖረው።

ከብያኔው ውጭ የቀሩት ግን አሳሳቢ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሥራ ውጭ አትጠቀሙበት ሲል፣ ያለ ደመወዝ አማች አስታማሚ፣ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ለዓመታት ተሸክማ ያሳደገች እናት ስም አጡ። ቤልጅየም ውስጥ ሞይራ ሚኮላይቻክና ኢዛቤል ሮስካም ግን የወላጆችን በርንአውት ለብቻው ያጠናሉ፤ በ2021 ባወጡት በ42 አገሮች ጥናት፣ ግለኝነት በሚያይልባቸው ባህሎች ችግሩ ከፍ ብሎ ታይቷል። ጎረቤትና አያት ልጅ የሚይዙበት አኗኗር በከተማ እየመነመነ መሆኑን ለሚያይ ይህ የሚያስጨንቅ ግኝት ነው።

የቤት ሠራተኞች ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን ሕጉ ሥራቸውን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያስወጣል። ቤይሩት የምትሠራ እህታችን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት እየሠራች፣ በምትሠራበት ቤት እያደረች፣ ስልኳና ፓስፖርቷ በእመቤቷ እጅ ሆኖ ስትዝል ያን የምትነግርበት ክፍል በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ከዚያ ስትመለስ «አእምሮዋ ተነካ» ይባልላታል። የኒውራስቴኒያ ዘመን አድልዎ ማለቴ ይህን ነው፤ ቢሮ የሚቀመጠው ባለሙያ የተከበረ ስም ሲያገኝ፣ ከእሱ በላይ የተሟጠጠችው ትታማለች።

የእኛም ቤት ንጹሕ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. የቀን ሥራን በ8 ሰዓት፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ያዛል፤ ለመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከራሱ ያወጣዋል፤ በየቤታችን ያሉት ልጆች በዚያ ሐረግ ከአዋጁ ወጥተዋል። በመንግሥት ሆስፒታል ያለው ሐኪምና ነርስም የሚተዳደሩት በዚህ አዋጅ ሳይሆን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ይህን ለመፈጸም መለኪያ ማስተርጎም አያስፈልግም፤ የቤት እመቤቷና የቤቱ አባወራ እሑድን መስጠት ይችላሉ፣ ከነገ ጀምሮ። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅም ሠራተኞቹ በርንአውት መሆናቸውን የሚጠይቅ ቅጽ ከማሳተሙ በፊት በሩ ላይ የተለጠፈውን የዱቲ ድልድል ወርዶ ያንብብ፤ የማን ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቁጠር።